ለመንግሥት የተላኩ ሽማግሌዎች

መንግሥት ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። የጅቡቲን መንግሥት ከሥሩ ጀምሬ፣ ከሰፈር ሹም እስከ ውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ድረስ፣ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ ወርጄዋለሁ። የትኛው በር ላይ እስከ ስንት ሰዓት ጥላ እንዳለ፣ የትኛው አግዳሚ ወንበር ሲቀመጡበት ከወዲያ ጫፍ ያለውን ሰው እንደሚያስፈነጥር፣ የትኛው ዘበኛ "ነገ ና" ሲል ከልቡ እንደሆነ አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በአንዲት ባልቴት ጉዳይ ነው። እሷን ባስታወስኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ስለዚህ በመሃሉ ብስቅም፣ ድንገት ዝም ብልም አትታዘቡኝ።

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው። የኢትዮጵያን ዕቃ ከመርከብ አስወርጄ፣ የጉምሩኩን ወረቀት ጨርሼ፣ ከባድ መኪና ላይ አስጭኜ እሸኛለሁ። ይህ ሥራ ሰው ያበላሻል። ማኅተሙ የተሟላ ኮንቴይነር ውስጡ ድንጋይ ቢሆንም ያልፋል፤ ማኅተም የጎደለው ግን ወርቅ ቢይዝም ፀሐይ ላይ ሲንቃቃ ይከርማል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰውም እንደዚያው ይመስለኝ ጀመር። ፈረንሳይኛዬም ከዚያው ከወደብ የተለቃቀመ ስለሆነ ከክብደት፣ ከብልሽትና ከመዘግየት ሌላ አይናገርም። አንድ ጊዜ ሆዴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ብሄድ "ዕቃው በጉዞ ላይ ሳለ እርጥበት ገብቶበታል" ብዬው ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አተኩሮ አየኝ። ሰፈሩ ግን ይህን አያውቅም። በሰፈሩ ዘንድ እኔ "መንግሥት የሚያውቅ ሰው" ነኝ፤ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ እለብሳለሁ፣ እስክሪብቶ ኪሴ ላይ ይታያል። እኔም አላስተባበልኩም።

የምኖረው ካርቲየ ሦስት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ነው። ግቢያችን ጣውላና ቆርቆሮ ተደጋግፈው የቆሙበት፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ሲያስነጥሱ ከወዲያኛው ክፍል ምርቃት የሚመጣበት ግቢ ነው። አብዛኛው ሰው የድሬና የሐረር ነው፤ ጨርቅ የሚሸጥ አለ፣ ቅመም የሚመዝን አለ፣ ስልክ የሚጠግን አለ። የግቢው ትልቅ ሰው ደግሞ ሁሉም እንደ እናቱ "አዴ" የሚላት አዴ ዘይነባ ናት። "ናት" ማለቴ ከድፍረት አይደለም። አዲስ አበባ ያደግኩ ስለሆንኩ የተዋወቅን ሰሞን "እርስዎ" ብያት ነበር። ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች።

"አቦ ተወኝ! እርስዎ የሚለኝ ሰው ወይ የቆየ ሥጋ ሊሸጥልኝ ነው፣ ወይ ሊያባርረኝ ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

አዴ ዘይነባ ፈረንሳዮቹ ገና እዚህ ሳሉ ነው ከድሬዳዋ ሙሽራ ሆና በባቡር የመጣችው። ባሏ አወል ልብስ ሰፊ ነበር። ልጅ አልወለዱም። እሱ ከሞተ ቆይቷል፤ አምቡሊ ካለው መቃብር ተኝቷል። ዓርብ ዓርብ ጠዋት በትንሽ ጀሪካን ውሃ ይዛ ትሄድና መቃብሩ ላይ ታፈሳለች፣ ዱዓዋን ታደርጋለች፣ ከዚያ ተቀምጣ የሳምንቱን ወሬ ትነግረዋለች። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ የሽንኩርት ነገር እንዴት እንደሆነ፣ አንድም አታስቀርበትም። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጣ ባጅያ የሚሉትን የጥራጥሬ ጥብስ ትጠብሳለች። ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር ማነሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃላ።

የድሮው ባቡር ቆሞ፣ የአዲሱ ሀዲድ ገና ሲነጠፍ በነበረበት ጊዜ፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ ሊታፈስ ነው የሚል ወሬ መጣ። አፈሳ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መኪናው ሲመጣ በር ይዘጋል፣ መኪናው ሲሄድ በር ይከፈታል፣ ኑሮ ይቀጥላል። የዚያ ሰሞኑ ግን ካርቲየ ሁለት ውስጥ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም የነበረች አሮጊት ሳትቀር ተጭና ድንበር ተጣለች ተባለ። ያን ቀን አዴ ዘይነባ ባጅያ አልጠበሰችም። ማታ ወደ ክፍሌ መጣችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"አንተ ልጅ፣ ወረቀት አውጣልኝ" አለች።

"አንቺን ማን ይነካሻል?" አልኳት።

"እሷንስ ማን ይነካታል ብለው ነበር። ስማኝ፣ መንገዱን አልፈራም። ድሬ ማን አለኝ? የአባቴ ቤት ተሽጧል፣ እህቶቼ አልቀዋል። እኔ የምፈራው ሞቴን ነው። እዚህ ብሞት ሙና ታጥበኛለች። ቃል ገብታልኛለች። የምገነዝበትን ከፈንም ገዝቼ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። እዚያ ግን ማን እንደሆንኩ በማያውቅ ሰው እጅ እገላበጣለሁ።"

ሙና አጠገቧ ያለችው ጎረቤቷ ናት፤ ልብስ እያዞረች የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ጸጉሯን የምትሠራላት እሷ ናት፣ ጉልበቷን ሲያማት የምታሽላት እሷ ናት። አዴ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር ስትሞት በሙና እጅ መታጠብ ብቻ ነበር። ከአንድ መንግሥት ይህን መጠየቅ ብዙ አይመስለኝም ነበርና፣ ደረቴን ነፍቼ "ለእኔ ተይው" አልኳት።

የመንግሥት የመጀመሪያው ደረጃ የሰፈር ሹም ነው። የእኛ ሹም ሼፍ ዋይስ ይባላል፤ በእነሱ ቤት ሼፍ አለቃ እንጂ ወጥ ሠሪ አይደለም። የአገሩ ሰው ነው፤ አማርኛውን የለመደው ግን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ "ቆይ" ለማለት "ፍሬን ያዝ"፣ "እሺ" ለማለት "ንዳው" ይላል። ሼፍ ዋይስ ጫት ከመድረሱ በፊት ይቆጣል፣ ጫት ከደረሰ በኋላ የጠየቃችሁትን ሁሉ ቃል ይገባል፤ ማኅተም የሚመታው ግን በመካከል ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ያቺን ጊዜ ለማግኘት ስንት ቀን በሩ ላይ እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም። በመጨረሻ አገኘሁትና ስለ አዴ ዘይነባ ነገርኩት።

"የአዴን ባጅያ በልቼ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት" አለና እዚያው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የነዋሪነት ማስረጃ ጻፈልኝ። "አሁን የኢትዮጵያ ሰው ለመሆኗ ከቆንስላ ወረቀት አምጣ። ፎቶ አምጣ። ለላይኛው ቢሮ ደግሞ እሷን የሚያውቁ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። በል ንዳው!"

ፎቶው ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አዴ ዘይነባ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ፎቶ አንሺው ቀና በይ ሲላት "ለማን ብዬ?" ትለዋለች፤ ፈገግ በይ ሲላት ደግሞ "ባሌ ሞቷል" ትለዋለች። የወጣው ፎቶ መንግሥትን ልትገርፍ የተነሳች ሴት ይመስል ነበር። እኔ ድጋሚ እንነሳ ብል እሷ ወደደችው። "እንዲህ ሆኜ ከታየሁ አይጫወቱብኝም" አለች።

ቆንስላው ዘንድ ያገኘነው ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነበር። ወንበር ሰጣት፣ ውሃ ሰጣት፣ "እርስዎ" አላት። አዴ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ "ነገርኩህ፣ ሊያባርረኝ ነው" አለችኝ።

"እናቴ፣ አገር ቤት ሳሉ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነበሩ?"

"ቀበሌ ምንድን ነው?"

ልጁ ደነገጠ። እኔ ጣልቃ ገባሁና አዴ ከድሬ የወጣችው ቀበሌ የሚባል ነገር ሳይፈጠር መሆኑን አስረዳሁ። እሱም አልካደኝም፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ አንድ ነገር ካልተጻፈ ጉዳዩ አይሄድም። "ታዲያ የድሬዳዋ ሰው መሆንዎን በምን ልወቅ?" አላት፣ በጣም በትሕትና።

አዴ ዘይነባ ተነሳች። "አንተ!" አለች። "እንዲህ ወንበር ላይ ተለጥጦ ሰው የሚያናግር የከዚራ ልጅ ብቻ ነው! የከዚራ ጥላ ነው ያሰነፈህ! እናትህ መጋላ ገበያ ቲማቲም ስትመርጥ እንዳንተ ያለውን ለስላሳ ነው ወደ ጎን የምትጥለው! ደግሞ ድሬን የት ታውቂያለሽ ይለኛል! አሸዋው ወንዝ ውስጥ ስትጫወት ውሃ ሊወስድህ ሲል ጎትታ የምታወጣህ እንደ እኔ ያለች ሴት ነች!"

ልጁ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ቆይቶ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ አላቆም ብሎት ዓይኑን ጠረገ። እውነትም የድሬ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነበር። "አዴ፣ በቃ! ይህን ስድብ የሌላ አገር ሰው አይችለውም" አለና ማኅተሙን አነሳ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ "እርስዎ" ያላት ልጅ ስንወጣ "አንቺ" እያለ በር ድረስ ሸኘን። እኔም ያን ማታ መንግሥት ለካ እንዲህ ቀላል ነው ብዬ እያፏጨሁ ገባሁ።

የቀረው ሁለት ምስክር ነበር። ያን ምሽት ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ባልናገረው በተሻለኝ ነበር፣ "ሁለት ምስክር ብቻ ቀርቶናል" አልኩ።

አባ ጅብሪል የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ። አባ ጅብሪል ጢማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ የሠርግና የእርቅ ሁሉ ተናጋሪ ናቸው። "ሁለት?" አሉ። "ለአዴ ዘይነባ ሁለት? ለአንድ ኮረዳ እንኳ ስንት ሽማግሌ ነው የምንልከው? ይኸ መንግሥት ነው። ሁለት ሰው ብንልክበት ናቁኝ አይልም?"

"እኔስ? እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ሊመሰክርላት ነው?" አለች ሙና።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ስልክ ጠጋኙ አዴ በሞተች እናቴ ፈንታ ድራኛለች፣ ካልሄድኩ እቀየማለሁ አለ። ቅመም ሻጩ ልጆቼ ሲወለዱ ያቀፈቻቸው እሷ ናት አለ። ሰው የማይወድ፣ ከማንም ጋር የማይነጋገር አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሳይቀር በሩን ከፈት አድርጎ "እኔንም ቁጠሩኝ" ብሎ መልሶ ዘጋ። በነጋታው ወሬው ወደ ጎረቤት ግቢዎች ተሻገረ። እኔስ ምን አሰብኩ ትሉኝ እንደሆነ፣ ኮንቴይነር ላይ ማኅተም በዝቶበት አያውቅም ብዬ አሰብኩ።

ላይኛው ቢሮ በቀጠረን ቀን ጠዋት ግቢያችን ሠርግ መሰለ። ወንዶቹ የዒድ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ሴቶቹ ሽቶ ተቀቡ። ሙና በትልቅ ትሪ ባጅያ ሞልታ በጨርቅ ሸፍና ተሸከመች፤ ባዶ እጅ ወደ ሰው ቤት አይኬድም አለች። አባ ጅብሪል ከፊት በከዘራ፣ እኔ ከጎናቸው በፋይል፣ አዴ ዘይነባ በመሃል እንደ ሙሽራ ተይዛ ሄድን። በመንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ማን ነው የሚያገባው እያሉ ይጠይቁ ነበር። አንዱ ታክሲ እንደውም ጥሩምባ ነፋልን።

የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ስንደርስ ዘበኛው ሰልፍ የወጣን መስሎት ተነስቶ ቆመ። ሼፍ ዋይስ ቀድሞን መጥቶ በር ላይ ነበር፤ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ። "ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዝ" አለኝ በዝግታ፤ እኔ ግን ሰላምታ መሰለኝ። የቢሮው መኮንን ወጣ። ጠና ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አዴን ሲያይ ፀሐይ ላይ አትቁሚ ብሎ ውስጥ አስገብቶ ማራገቢያ ሥር አስቀመጣት። እኛ ግቢው ውስጥ ቆምን።

አባ ጅብሪል ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። መንግሥትን መረቁ፤ ወደቡን መረቁ፤ የመኮንኑን ልጆች መረቁ፤ ከዚያ ይህች ሴት የማንም ጠላት እንዳልሆነች፣ የሰፈሩን ልጆች አጥግባ እንዳሳደገች ተናገሩ። እኔ ወደ ፈረንሳይኛ መለስኩት። "እነዚህ ሁሉ ለዕቃው ዋስ ናቸው፤ ዕቃው አሮጌ ነው፤ ግን ያልተበላሸ ነው" አልኩት። መኮንኑ ፈገግ አለ። የሰው ፈገግታ ነበር፣ እስከ ዛሬ አልቀየምበትም። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ፣ እንደ ተራ ነገር እንዲህ አለ፦

"ጥሩ። ምስክር ግን እሱ ራሱ መታወቅ አለበት። ፓፒየ።"

ፓፒየ ወረቀት ማለት ነው፤ ይህን ቃል ለማንም መተርጎም አላስፈለገኝም። ሙና ትሪውን እንደተሸከመች ቀረች።

አሁን እናንተ ወረቀት እንደሌላቸው አታውቅም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። አውቅ ነበር። ሁሉም ያውቅ ነበር። ግን አገር ቤት ሽማግሌ ሲላክ ማነህ ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል? ሽማግሌ የሚሄደው ስለ ሌላ ሰው ሊናገር ነው። ስለ ራሱ ጉዳይ ቢሆን ከእነዚያ ሰዎች አንዱም በዚያ በር አያልፍም ነበር፤ መኪናው ሲመጣ ከማንም ቀድመው የሚሸሸጉ ሰዎች ናቸው። ስለ አዴ ዘይነባ ስለሆነ ግን ራሳቸውን ረስተው፣ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በእግራቸው መጡ።

ሼፍ ዋይስ መኮንኑን ወደ ጎን ስቦ በሶማልኛ ለመነው። መኮንኑ አንገቱን ነቀነቀ። ሳምንቱን ሙሉ ከበላይ ትእዛዝ እየመጣ ነበር፤ ከኋላው ያሉት ፖሊሶችም ሁሉን አይተዋል። እኔን ጠርቶ "እኔ አልጠራኋቸውም። እቤታቸው ሄጄም አላመጣኋቸውም" አለኝ፣ ልክ እኔ ይቅር እንድለው የፈለገ ይመስል። የአፈሳው መኪና እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ወረቀት የሌላቸው አንድ በአንድ ተጫኑ። አባ ጅብሪል ከዘራቸውን ለአንድ ፖሊስ አሲዘው ወጡ፤ ፖሊሱም ደግፎ አወጣቸውና ከዘራውን መልሶ ሰጣቸው። የጮኸ ሰው አልነበረም። አፍረው ነበር፣ እንግዳ ሄደው የተባረሩ ሰዎች እንደሚያፍሩት።

አዴ ዘይነባ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ከውስጥ ወጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቋል። "እኔንም! እኔንም አውጡኝ!" እያለች የመኪናውን ጎን ያዘች። መኮንኑ እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቀ።

"አንቺን አይቻልም፣ እማ። ያንቺ ጉዳይ ተጀምሯል። ጉዳዩ የተጀመረ ሰው አይባረርም።"

ሙና ከላይ ሆና ትሪውን ወደ እኔ አቀበለችኝ። "እንዳይቀዘቅዝ ለሰውዬው ስጠው" አለች። ከዚያ "አዴ! ካርዱን ሳትይዢ ወደ ቤት እንዳትመለሺ!" ብላ ጮኸች። መኪናው ወጣ። እኔ ባጅያ ተሸክሜ ግቢው መሃል ቆሜ ቀረሁ።

መኮንኑን "እንግዲህ ምስክሮቹ ሄዱ። ምን ይሻላል?" አልኩት።

"ሁለት በቂ ነበር" አለ። "አንተ ካርድ አለህ። ሼፉም የአገሩ ሰው ነው። ፈርሙ።"

ከጠዋት ጀምሮ ሁለታችንም እዚያው ቆመን ነበር። ፈረምን።

ካርዱ ለመውጣት ብዙ አልቆየም። አዴ ዘይነባ ያን መንግሥትን የሚገርፍ ፊቷን አየችው፣ ገለበጠችው፣ ከዚያ ግቢውን ዞራ አየች። በየበሩ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ላይ የሙና ልብሶች ነበሩ፤ አዴ አውርዳ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከከፈኑ ጎን አስቀመጠቻቸው። "ለማን ላሳየው?" አለችኝ። እኔ አየሁላት። ጥሩ ካርድ ነው፣ ቀለሙም አይለቅም አልኳት።

ሰዎቹ ድሬ ደርሰው መጋላ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍሎች ተከራይተዋል። እንደ ወትሮው አንድ በአንድ ተመልሰው ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ በዚህኛው ግን አልደፈሩም። አመሻሽ ላይ በእኔ ስልክ ይደውላሉ። ሰላም ከማለታቸው በፊት የሚጠይቁት ያው ነበር፦ "የአዴ ካርድ ወጣ?" የወጣ ዕለት ድምፁን ከፍ አድርጌ ለአዴ ሰጠኋትና "ወጥቷል" አለቻቸው። ከወዲያ እልልታ ተነሳ። የሙናን እልልታ ለየሁት፤ አባ ጅብሪልም ከኋላ ይመርቁ ነበር። ተባረው እልል አሉላት። አዴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አለቀሰች፤ እኔም ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ባጅያ ስትጠብስ ለግቢው ሁሉ የሚበቃ ትጠብሳለች፤ እጇ ሌላ ልክ አያውቅም። የሚበላ የለም። እኔ ጠዋትም ማታም ባጅያ እየበላሁ ተነፋሁ። አንድ ጠዋት ታጥባ ለብሳ ወደዚያ ቢሮ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። መኮንኑ ፊት ቆማ "እነሱን የወሰዳችሁበት ውሰዱኝ" አለችው።

መኮንኑ ካርዷን ተቀብሎ አየ። "እማ፣ አንቺ ሕጋዊ ነሽ" አላት። "ሕጋዊ ሰው አንወስድም።"

ስንመለስ በመንገድ ላይ በጣም ተቆጣሁ። "ይህን ሁሉ የለፋነው ለምንድን ነው? ሰው ስንት ነገር የከፈለበት ካርድ ነው!" ብዬ ጮህኩባት። አዴ ዘይነባ ቆመች።

"ወረቀት አውጣልኝ ያልኩህ ከሰዎቼ እንዳልለይ ነው እንጂ ከወረቀት ጋር ልኖር ነው እንዴ?"

"አወልስ? ትተሽው ልትሄጂ ነው?"

እንደገና መራመድ ጀመረች። "ባለፈው ዓርብ ነግሬዋለሁ" አለች። "እሱ የትም አይሄድም፣ ማንም አያባርረውም። አንተን ሰጥቼዋለሁ። ውሃውን አታሳንስበት፣ ወሬም አትደብቀው።"

ወደ ድሬ ዕቃ የሚወስድ የማውቀው የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ጎህ ሲቀድ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጥናት፤ ሳጥኗን፣ መጥበሻዋንና የሙናን ልብሶች ጫንን። እኔም እስከ ጋሊሌ ድንበር አብሬያት ሄድኩ። ኬላው ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ወደ ጋቢናው ቀና ብሎ "ወረቀት!" አለ። አዴ ዘይነባ ከዚያ የአፈሳ ወሬ ወዲህ ስትፈራው የኖረችው ጥያቄ ያኔ ገና መጣ። ካርዱን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችው። ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ ሰላምታ ሰጣት። "የተሟላ ነው። ጊዜው ሳያልቅ በፈለግሽ ጊዜ መመለስ ትችያለሽ" አላት። እሷም ተቀብላ መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ያ ካርድ ተጠይቆ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"እርስዎ፣ በሰላም ይግቡ" አልኳት፣ ሳላስበው።

"አቦ ተወኝ" አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። መኪናው ሄደ።

ካርዱ ጊዜው ሳያልቅ፣ አንድ ጠዋት ወደብ ላይ ኮንቴይነር እያስወረድኩ ሳለ ሙና ደወለች። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ሰላም እንኳ ሳትል "አጠብናት" አለች። ከፈኑም የራሷ ነው፣ ያ ሳጥን ውስጥ የነበረው። ደረቷ ላይ ካርዱን አግኝተውታል፤ "ለየትኛው ቢሮ ነው የሚመለሰው? አንተ መንግሥት ታውቃለህ" አለችኝ። ከሥር እስከ ላይ ሁሉንም በሮች በልቤ አዳረስኳቸው፤ ይህን የሚቀበል አንድም ትዝ አላለኝም። አንቺ ጋ ይቀመጥ አልኳት።

ዓርብ ጠዋት በትንሿ ጀሪካን ውሃ ይዤ አምቡሊ ሄድኩ። ውሃውን ሳላሳንስ አፈሰስኩ፣ ተቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ ስለ ወደቡ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሼፍ ዋይስ ብዙ አወራለታለሁ።

"አወል" አልኩት፣ "ባለቤትህን ሙና አጠበቻት።"

የዚያ ሳምንት ወሬ ይኸው ብቻ ነበር።